ዘጠኝ ጊዜ የተላከች አንድ መስመር

ቱይሬ ስትናደድ አትጮኽም፤ ትጽፋለች። ፊት ለፊቷ አሥራ ሰባት ዓመት ስለተቀመጥኩ የኪቦርዷን ድምፅ ሰምቼ ብቻ ውሎዋን አውቃለሁ። ረጋ ያለ ከሆነ ኮድ እየሠራች ነው። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሲንጣጣ ግን ከሰው ጋር እየተከራከረች ነው፤ ያን ጊዜ ቡና ይዤላት ብሄድ ቀና ብላም አታየኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ የሰማሁት ከሞላ ጎደል ይህንኑ ሁለተኛውን ድምፅ ነው። ጆሮዬ በጤናው መኖሩ ይገርመኛል።

ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ፑዳስያርቪ የምትባል የትንሽ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሯል። እዚህ ኦውሉ ከተማ ውስጥ በዚያ ሁሉ ክረምት በብስክሌት ነው የምትመላለሰው፤ ከሥራ በፊት በረዶው ተቀዶ የተከፈተው ውኃ ውስጥ ገብታ ትወጣና ፀጉሯ እንደረጠበ ከች ትላለች። ኮምፒውተሩ የጻፈችውን ኮድ ወደ ፕሮግራም እስኪለውጥ ድረስ ካልሲ ትሠራለች። ስልክ ከምትደውል ጥርሷን ብትነቀል ትመርጣለች። ከአፏ የሚወጣው ቃል ትንሽ ነው፤ ስትጽፍ ግን አንድም ቃል አይባክንባትም። እሷ ከጻፈችው እውነት ነው ብለን ሁላችንም አምነን ነበር፤ እሷም ጭምር።

ሥራችን የማሞቂያ ውኃ ወደየቤቱ የሚገፉትን ፓምፖች የሚቆጣጠሩ ሣጥኖች መሥራት ነው። በሣጥኑ ውስጥ ኮምፒውተር አለ፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ከርነል አለ፤ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚደገፍበት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ማለት ነው። ከርነሉ የማንም ኩባንያ አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢሜይል እየተጻጻፉ ይሠሩታል። አንዲት መስመር ለመቀየር የፈለገ ሰው መስመሯንና ምክንያቱን ጽፎ ለሁሉም ይልካል፤ ሁሉም ይተቻል፤ የዚያ ክፍል ኃላፊ ካመነበት መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። አንዴ የገባ አይፋቅም። ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ የማንን ስህተት ለማረም ጻፈው፣ ሁሉም እዚያው ይኖራል።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ጥር ላይ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ደረሰ፤ በሰሜን ባሉ ሦስት ከተሞች ሣጥኖቻችን በአንዴ ቀጥ አሉ። ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ኮፍያ አድርጎ ተቀመጠ። ጋዜጣው ጻፈብን፣ አለቃችን ቀላ፣ ቱይሬ ዱካውን አየች።

ከርነል ሊሞት ሲል አንድ ዝርዝር ያትማል። እዚህ ጋ ነበርኩ፣ ወደዚህ የላከኝ እገሌ ነው፣ እገሌን የላከው ደግሞ እገሌ ነው ይላል። የጥሪ ዱካ እንለዋለን፤ የዚህ ሙያ ሰዎች እንደ ወንጌል ነው የምናምነው። የዚያን ቀን ዱካው ሣጥኑን ገደለው ብሎ የጠራው ኦይቫ የጻፈውን የፓምፕ ኮድ ነበር።

ኦይቫ ሌህቶማ ያኔ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት እኛ ዘንድ ነው ያሳለፈው። ቱይሬን ሥራ ያስተማራት እሱ ነው፤ እኔንም። ሳምንት ሙሉ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አበጠረው፤ ምንም አላገኘም። «ቱይሬ፣ አይታየኝም» አላት፤ «ዱካው እኔን ካለ ግን እኔ ነኛ።» ቱይሬም የሱን ኮድ አውጥታ በሌላ ተካችና ማስተካከያዋን ላከች። ከታች፣ እንደ ደንቡ፣ «ይህ ማስተካከያ ኦይቫ ሌህቶማ ያስገባውን ስህተት ያርማል» ብላ ጻፈች። የካቲት ላይ መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኖቹ ሰላም ሆኑ። ብርዱ ስለቀነሰ እንደሆነ ማን ጠረጠረ?

ኦይቫን ማንም አላባረረውም። ከፓምፑ ሥራ አነሱትና የመመሪያ መጽሐፍ ጻፍ አሉት፤ ይህ እንግዲህ ለሱ ዓይነት ሰው ምን እንደሆነ ይግባችሁ። ሚያዝያ ላይ ጡረታ ጠየቀ። ኬክ ተቆረጠ፣ አለቃችን ሁለት ደቂቃ ተናገረ፣ ኦይቫ ከጠረጴዛው ሥር የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን አንጠልጥሎ ወጣ። «እንግዲህ በርቱ» ነው ያለን፤ ሌላ አልተናገረም።

ኅዳር ላይ ሰሜን እንደገና ሠላሳ አንድ ገባ፤ ሣጥኖቹም እንደገና ቀጥ አሉ። ዱካው አሁን የጠራው ደግሞ የኦይቫ ኮድ ሲወጣ በቦታው ተጠግቶ የተቀመጠውን ሌላ ኮድ ነው። ችግሩ ያ ሣጥን ያንን ኮድ ጭራሽ የማይጠቀምበት መሆኑ ነው። ለሌላ ዓይነት ፓምፕ የተጻፈ ነው። ቤቱ ያልነበረ ሰው ወንጀል ሠራ እንደማለት ነው።

ቱይሬ ሦስት ቀን ካልሲዋን አልነካችም። በአራተኛው ቀን ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ላይ መጣችና ቤቶች ሣለችልኝ፤ እናንተም እንዲገባችሁ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ። አንዱ ኮድ ሌላውን ሲጠራ ማን እንደላከው አይጻፍም፤ የሚጻፈው ሥራው ሲያልቅ የሚመለስበት አድራሻ ነው። ዱካው ያንን አድራሻ አይቶ «ከዚህ ቤት ነው የተላከው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ነገር ግን የላኪው የመጨረሻ ሥራ መላኩ ከሆነ፣ የተላከውም የማይመለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማሽኑን አቁም ተብሎ ከተላከ፣ የተጻፈው አድራሻ የላኪውን ቤት አልፎ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ያርፋል። ዱካውም ጎረቤትዮውን ይከሳል።

«ከአድራሻው ላይ አንድ ብትቀንስ ትክክለኛው ቤት ውስጥ ትገባለህ» አለችኝ።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«እና ትክክለኛው ቤት የማነው?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ከኦይቫ ኮድ በላይ የተቀመጠው የእኔ ነው።

እንግዲህ የራሴን ጉድ ልናገር። ከሙቀት መለኪያው የመጣው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሠላሳ ከወረደ «መለኪያው ተበላሽቷል፣ ማሽኑን አቁም» የሚል ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከደቡብ ከመጣ መመሪያ ላይ ገልብጬ ነው። እዚህ አገር ተወልጄ፣ እዚህ አገር አፍንጫዬ ቀልቶ አድጌ፣ ሠላሳ አንድ የሚባል ብርድ የለም ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደቆመ የሚናገር መልእክት እንኳ አላስቀመጥኩም። ያንኑ ዕለት አስተካከልኩትና አለቃችን ጋ ገብቼ ነገርኩት። «ጥሩ ነው፣ የቆየ ጉዳይ ነው፣ ተዘግቷል» አለኝ። እኔም የሚጠበቅብኝን ያደረግሁ መሰለኝ፤ በዚያ ቀን ቀለል ብሎኝ ቤቴ መግባቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«ለኦይቫ እንደውልለት» አልኳት።

«ምን ብዬ? በወረቀት ላይ ቤት ሥዬ? ስሙ መዝገብ ላይ ነው ያለው። እዚያው ላይ ሳላጸዳው ባዶ እጄን አልሄድም። ሲገባ አትሜ እወስድለታለሁ።»

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እኛ ዘንድ ያልጸደቀ ነገር አይወራም። ደግሞ የአንድ መስመር ነገር ነው፤ ከገና በፊት ያልቃል አልን።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያውን ረቂቅ ላከች። መስመሯ አንድ፣ ማብራሪያው አሥራ ሁለት። ከማብራሪያው መጨረሻ እንዲህ የምትል አንቀጽ ነበረች፦ «ቀደም ሲል በኦይቫ ሌህቶማ ስም የተመዘገበው ስህተት የእሱ አልነበረም። ዱካው የተሳሳተ ነበር፤ ዱካውን አምኜ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ አንዱ ከፓሪስ መለሰ። ስለ ስህተቱ አይደለም፤ ከመስመሯ ፊት ያለው ክፍተት ጠቦ ነው። ክፍተቱን አስፍታ ሁለተኛውን ላከች። ሌላው ተነሣ፤ ጥሪ ሳይሆን ድንገት የተቋረጠ ሥራ ሲሆን አንድ መቀነስ ራሱ ስህተት ነው አለ። እሱስ እውነቱን ነው፤ ቱይሬም አመስግናው ሦስት ሳምንት ሠርታ ሦስተኛውን ላከች። ከዚያ አንዱ ፍጥነቱ ምን ያህል ይቀንሳል ብሎ ጠየቀ።

«የሞተ ማሽን ምን ያህል ይዘገያል ይለኛል» አለችኝ ቱይሬ።

«ንገሪው እንግዲህ።»

«እየለካሁ ነው። ደደብ ጥያቄ ብዬ ብመልስ ሁለት ወር ይጨምርብኛል።»

ለክታ አራተኛውን ላከች። ልዩነት የለም። ከዚያ ለእኛ ሣጥን ዓይነት ማሽን ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ዓይነት ማሽን ይሠራ ተባለ፤ እኛ በዓይናችን ዓይተነው ለማናውቀው ማሽን ሁሉ ማለት ነው። አምስተኛው እዚያ ላይ ፀደዩንና በጋውን በላው። ፀሐይ በማይጠልቅበት ወር ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ወዳለ ጎጆው ሲሄድ ቱይሬ ቢሮ ውስጥ መጋረጃ ዘግታ ነበር። ስትልከው ደግሞ አሥር ሳምንት ሙሉ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ተሳደቡ እንኳ ብላ የምትለምን ነበር የምትመስለው። በየማለዳው ኮቷን ሳታወልቅ ኢሜይሏን ከፍታ ታያለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ኮቷን ትሰቅላለች።

ጥቅምት ላይ ስድስተኛውን በላከች በሳምንቱ የኦይቫ ሚስት ሄልሚ ሞተች። ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈሶ ነው፤ ሁለት ቀን አልቆየችም። ቀብሩ ላይ ሄድን። ኦይቫ በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው እጅ ይጨብጥ ነበር። ጨበጥነው። ቱይሬ መኪና ውስጥ ስንገባ «ዛሬ አይሆንም፤ ቀብር ላይ ስለ ኮድ አይወራም» አለች። እኔም ልክ ነሽ አልኳት። ደግሞም ስድስተኛው ገና መልስ እየጠበቀ ነበር።

ሰባተኛው ላይ በኮዱ ውስጥ ያለች አንዲት ስያሜ ረዘመች ተባለ። እሱን አላወራውም፤ ደሜ ይፈላል።

ስምንተኛው ላይ በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ጻፈ። ቮልክማር ይባላል፤ ደቡብ ጀርመን ነው ያለው፤ ዓይተነው አናውቅም። «ኮዱ ጥሩ ነው፤ ስለ ትዕግሥትሽ አመሰግናለሁ። የማብራሪያሽን የመጨረሻ አንቀጽ አውጪና አስገባዋለሁ። መዝገቡ ኮዱ ለምን እንደተቀየረ የሚነገርበት እንጂ ስለ ሰዎች የሚነገርበት አይደለም።»

ያን ቀን ኪቦርዱን የምትሰብረው መስሎኝ ነበር።

«ስለ ሰዎች አይነገርም ይለኛል። የኦይቫን ስም ስጽፍ ማን ከለከለኝ? ጥፋት ስናወጣ ሰው ነው፤ ስናጸዳ ሰው አይደለም?»

«እሱንማ ጻፊለት» አልኳት።

«ጽፌለታለሁ።»

ዘጠነኛውን ከነአንቀጿ ላከችው። ሌላ ሦስት ሳምንት ሄደ። የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ከቮልክማር ሁለት መስመር መጣ፦ «አስገብቼዋለሁ። ማብራሪያውን ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።» ቱይሬ መዝገቡን ከፈተች። መስመሯ አለች፤ አንድ ትቀንሳለች። ስለተመላሽ አድራሻ የጻፈችው አለ። አንቀጿ የለችም። ደግሞ አንዴ የገባ አይፋቅም፤ አንዴ ያልገባም አይጨመርም።

ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ አይደለም። ከዚያ ዘጠነኛውን ረቂቅ፣ እሷ እንደላከችው ከነአንቀጿ፣ አተመችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «በቃ፣ ይኸው ነው ያለኝ። ይህንኑ እወስድለታለሁ» አለች።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ በእኔ መኪና ሄድን። ኦይቫ ቤቱ አልነበረም፤ በረዶ የሆነው ባሕር ላይ ነው አለን ጎረቤቱ። ከባሕሩ ዳር ሦስት መቶ ሜትር ያህል በረዶው ላይ በእግር ሄደን አገኘነው። ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ክሩን በቀዳዳው አውርዶ ዓሣ ይጠብቃል። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር በረዶው ዓይን ይወጋል። ኦይቫ ከስቷል።

«የኩባንያው ልዑካን» አለ ቀና ሳይል። «ሌላ ሣጥን ስለሌለኝ ቆማችሁ ጎብኙኝ።»

ቱይሬ ወረቀቱን ሰጠችው። ጓንቱን አውልቆ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና አነበበ። ለሱ ቤት መሣል አላስፈለገም፤ አንዴ ነው ያነበበው። ከዚያ ወደ ቀዳዳው አየ።

«አንድ» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ኮድ ወጥ አድርጌ በቃሌ ይዤው፣ ተኝቼም እያገላበጥኩት፣ አርጅቼ ነው የማይታየኝ ስል ነበር። አንድ።»

«መዝገብ ገብቷል» አለች ቱይሬ። «የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን አወጡብኝ። ዘጠኝ ጊዜ ልኬ አወጡብኝ።»

አንቀጿን ደግሞ አያት። «እኔም ብሆን አወጣት ነበር። እዚያ ቦታዋ አይደለም።»

«አንተ ምን ነካህ? ለማን ብዬ ነው ስጨቃጨቅ የከረምኩት?»

«እኔ ምን አውቄ። ጠየቅሽኝ?» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ያንን መዝገብ የሚያነበው አሥር ሰው ነው። እኔ ከወጣሁ ወዲህ ከፍቼውም አላውቅ። ይህን መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ኅዳር ላይ።»

«አምና ኅዳር?»

እኔ ነኝ የመለስኩት። «ካቻምና» አልኩ።

ኦይቫ ወረቀቱን በአራት አጠፈው። ሲያጥፍ ጊዜ ወሰደ።

«የሄልሚ እህት ቤቷ ማሞቂያው ከቆመባቸው ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ ነው» አለ። «ያኔ በብርዱ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ አላወቃችሁም መሰለኝ። ሄልሚ አንድ ቀን ‹አንተ ነህ እንዴ ያደረግኸው?› ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እህቷ ቤት ስትሄድ ብቻዋን ነበር የምትሄደው። ቀብሩ ላይ ነበራችሁ እኮ። እጄን ጨብጣችኋል።»

ቱይሬ ኮፍያዋን አወለቀች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ነበር። «ተሳስቼ ነበር ኦይቫ» አለች። «ስምህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልኩ እኔ። «ሠላሳን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ኦይቫ ሁለታችንንም አየን። የተቆጣ ሰው አይመስልም ነበር፤ ቢቆጣን ይሻለን ነበር። «ይኸው፣ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባችሁም» አለ። «ለእኔ ይበቃኛል። ለሄልሚ ግን እንዴት አድርጌ ልንገራት?»

ጓንቱን አጥልቆ ክሩን ወደ ቀዳዳው መለሰ፤ እኛም ወደ መኪናው ተመለስን።